ክርስቲያኖች የጻፉት፣ ክርስትናን ያላወጀ ሕግ

(በአሜሪካ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ከቀረበ ንግግር የተዘጋጀ ጽሑፍ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፤

እንድናገርበት የጠየቃችሁኝ ጉዳይ በዚህ አገር ምርጫ በመጣ ቁጥር የሚነሣ ነው። «አሜሪካ በክርስትና ላይ የተመሠረተች አገር ናት» ሲባል ከፖለቲከኛ አፍ ሰምታችኋል፤ አንዳንዶቻችሁም ከራሳችን ዐውደ ምሕረት ሰምታችሁት ይሆናል። አባባሉ ለእኛ ጆሮ እንግዳ አይደለም። የመጣነው ከፍትሐ ነገሥት አገር ነው። በ1955 የተሻሻለው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 126 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ብሎ ሰይሟት ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱም ምንጊዜም የዚሁ እምነት ተከታይ እንዲሆን ደንግጎ ነበር። መንግሥት በሃይማኖት ላይ ሲመሠረት ሕጉ ምን እንደሚመስል ከዚህ እናውቃለን። በግልጽ ይጽፈዋል። የአሜሪካን ሕግ በዚያው ዓይን ስንመረምረው ምን እናገኛለን?

መልሴን አላቆይባችሁም። ይህን መንግሥት የመሠረቱት ሰዎች አብዛኞቹ ክርስቲያኖች ነበሩ፤ የመሠረቱት መንግሥት ግን ክርስቲያናዊ መንግሥት አይደለም። ይህም የሆነው በመርሳት ወይም በቸልታ አይደለም፤ አስበውበትና ተከራክረውበት ነው። በእኔ አመለካከት የታሪኩ ትልቁ ቁም ነገር ደግሞ ይህ እንዲሆን ማን እንደታገለ ነው። ብዙ ሰው የሃይማኖት ጠላቶች ያመጡት ይመስለዋል። አጥብቀው ከታገሉለት መካከል ግን በክርስቲያን ዳኛ ፊት ቆመው፣ በክርስቲያን አገር ወኅኒ የታሰሩ ክርስቲያኖች ግንባር ቀደም ነበሩ። እኔ ራሴ አማኝ ነኝ፤ ስለ እነዚህ ሰዎች በጉባኤዎቻችን ሲነገር አለመስማቴ ያሳዝነኛል።

ታሪኩን ከቦስተን ልጀምር። በክርስትና ላይ የተመሠረተ ሕግ በአሜሪካ ምድር በተግባር ተሞክሯልና። በ1630 በጆን ዊንትሮፕ መሪነት ባሕር ተሻግረው የማሳቹሴትስን ቅኝ ግዛት ያቀኑት ፒዩሪታኖች፣ ማለትም ከእንግሊዝ የመጡ አጥባቂ ፕሮቴስታንቶች፣ መጽሐፍ ቅዱስን የሕግ ምንጭ ለማድረግ ከልባቸው የቆረጡ ሰዎች ነበሩ። በ1641 ያወጡት የሕግ ስብስብ በሞት የሚያስቀጡ ወንጀሎችን ሲዘረዝር የመጽሐፍ ቅዱስ ምዕራፍና ቁጥር ይጠቅሳል። በመጀመሪያ ተራ የተጻፈው ወንጀል ከእግዚአብሔር በቀር ሌላ አምላክ ማምለክ ነው፤ ከጥቅሶቹ አንዱ ዘዳግም 13 ነው። ሁለተኛው ጥንቆላ፣ ሦስተኛው እግዚአብሔርን መሳደብ ነው። ሰው መግደል የሚመጣው በአራተኛ ተራ ነው።

የዚህ መንግሥት በትር በማን ላይ አረፈ? ሮጀር ዊልያምስ የተባለ ሰባኪ ዳኛ በሰው ሕሊና ላይ ሥልጣን የለውም ብሎ በማስተማሩ በ1635 ከግዛቱ እንዲባረር ተፈረደበት። በክረምት ተሰድዶ በ1636 ፕሮቪደንስን መሠረተ። ኩዌከር የሚባሉት ክርስቲያኖች ከተባረሩ በኋላ ተመልሰው ከተገኙ እንዲገደሉ ሕግ ወጣባቸው፤ የልጆች እናት የነበረችው ሜሪ ዳየር በዚሁ ሕግ ጁን 1 ቀን 1660 በቦስተን ተሰቀለች። ዛሬ ሐውልቷ በማሳቹሴትስ ምክር ቤት ግቢ ቆሟል። ሌላም አለ፤ ይህን በተለይ ለእኛ ሰዎች መናገር እወዳለሁ። በ1659 እነዚሁ ፒዩሪታኖች የገናን በዓል በሕግ ከለከሉ። በዕለቱ ሥራ ፈትቶ ወይም ግብዣ አድርጎ የተገኘ ሰው አምስት ሽልንግ ይቀጣ ነበር፤ በዓሉ በመጽሐፍ ቅዱስ አልታዘዘም የሚል ነበር ምክንያታቸው። ክልከላው እስከ 1681 ቆየ። «የአሜሪካ ሕግ በክርስትና ላይ ይመሥረት» የሚል ወገናችን ሁሉ በሐሳቡ የሚያየው የራሱን ክርስትና ነው፤ የልደትን ሌሊት በማኅሌት የሚያድረውን ክርስትና። በዚህ ምድር በተግባር የታየው ግን ማኅሌታችንን ወንጀል የሚያደርገው ነበር።

ወደ ቨርጂኒያ እንሻገር፤ ነገሩ የተወሰነው እዚያ ነውና። ቨርጂኒያ የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ነበራት፤ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን። ካህናቱ የሚኖሩት ከሕዝቡ በግዴታ በሚሰበሰብ ግብር ነበር፤ በሕግ የተወሰነው የአንድ ካህን ዓመታዊ ደመወዝ 16,000 ፓውንድ የሚመዝን ትምባሆ ነበር። ባፕቲስቱም፣ ፕሬስቢቴሪያኑም፣ ምንም የማያምነውም ለማይሰማው ካህን ይከፍላል። ያለ ፈቃድ የሚሰብክ ደግሞ ይታሰራል። በ1768 ጆን ዎለርና ሉዊስ ክሬግ የሚባሉ የባፕቲስት ሰባኪዎች ከባልንጀሮቻቸው ጋር በስፖትሲልቬንያ ወረዳ ተይዘው ፍርድ ቤት ቀረቡ። ክሱ ሰላም ማደፍረስ ነበር፤ ከሳሹ «በመንገድ ያገኙትን ሰው ሁሉ የመጽሐፍ ጥቅስ በጉሮሮው ሳይሰነቅሩበት አያልፉም» አለ። ስብከት ለማቆም ቃል ግቡና ተፈቱ ሲባሉ እምቢ ብለው መዝሙር እየዘመሩ ወደ ወኅኒ ሄዱ። በኩልፔፐር የታሰረው ጄምስ አየርላንድም በእስር ቤቱ መስኮት ፍርግርግ በኩል ውጭ ለቆመው ሕዝብ ይሰብክ ነበር።

በዚያ ዘመን ገና ወጣት የነበረው ጄምስ ማዲሰን ይህን አይቶ ሊተኛ አልቻለም። በጃንዋሪ 1774 ለኮሌጅ ጓደኛው በጻፈው ደብዳቤ፣ በአጎራባች ወረዳ አምስት ወይም ስድስት ቅን ሰዎች ሃይማኖታዊ ሐሳባቸውን በይፋ በመግለጻቸው እንደታሰሩ ነግሮት፣ ለሁሉም ሰው የሕሊና ነጻነት እንዲጸልይ ለመነው። ይህ ወጣት ከ13 ዓመት በኋላ ለአሜሪካ ሕገ መንግሥት መቀረጽ ከማንም በላይ የሠራ ሰው ነው። የሕገ መንግሥቱን አባት ስለ መንግሥትና ስለ ሃይማኖት ያስተማረው የታሰሩት ሰባኪዎች ድምፅ ነበር ማለት ይቻላል።

ከነጻነት በኋላ በ1784 ፓትሪክ ሄንሪ ለቨርጂኒያ ምክር ቤት አንድ ረቂቅ ይዞ መጣ። ሄንሪ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ረቂቁም እንደ ድሮው ሕግ ጨካኝ አልነበረም። ሁሉም ሰው ለክርስትና መምህራን የሚውል ግብር ይክፈል፤ ለየትኛው የክርስትና ወገን እንደሚሆን ግን ከፋዩ ይምረጥ ይላል። ለብዙ ሰው ለዘብተኛና ደግ ሐሳብ መስሎ ታየ። ማዲሰን በ1785 የመልስ አቤቱታ ጽፎ በየወረዳው እንዲፈረም አደረገ። ከዚያ ጽሑፍ ውስጥ ሁልጊዜ የማስታውሰው እንዲህ የሚለውን ነው፤ ሌሎችን ሃይማኖቶች አግልሎ ክርስትናን የመንግሥት ሃይማኖት ማድረግ የሚችል ሥልጣን፣ ሌሎችን የክርስትና ወገኖች አግልሎ አንዱን ወገን ብቻ ማንገሥም በዚያው ቅለት ይችላል። ቀጥሎም ለ15 መቶ ዓመታት ያህል ክርስትና በመንግሥት ሕግ ሲደገፍ ፍሬው ምን ሆነ ብሎ ይጠይቅና፣ በካህናቱ ዘንድ ትዕቢትና ስንፍና፣ በምእመናኑ ዘንድ አለማወቅና ባርነት፣ በሁለቱም ዘንድ አጉል እምነትና ስደት ነው ብሎ ይመልሳል። ባፕቲስቶችና ፕሬስቢቴሪያኖች የየራሳቸውን አቤቱታ አጎረፉ። የሄንሪ ረቂቅ ሞተ፤ በምትኩ ቶማስ ጄፈርሰን በ1777 አርቅቆት የነበረው የሃይማኖት ነጻነት ሕግ በጃንዋሪ 1786 ጸደቀ።

ይህ ሕግ የሚጀምረው እግዚአብሔርን በመጥራት ነው፤ ሁሉን ቻይ አምላክ የሰውን አእምሮ ነጻ አድርጎ ፈጥሮታል ይላል። በውይይቱ ጊዜ አንዳንድ የምክር ቤት አባላት በመግቢያው ላይ የኢየሱስ ክርስቶስ ስም እንዲጨመር ጠየቁ። ጥያቄው በከፍተኛ ድምፅ ወደቀ። ጄፈርሰን ኋላ እንደጻፈው፣ ይህ የሕጉ ጥበቃ አይሁዱንም አሕዛቡንም፣ ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም፣ ሂንዱውንም፣ የማያምነውንም እንዲያቅፍ መፈለጋቸውን ያስረዳል።

ከዚያ በኋላ በ1787 ፊላደልፊያ ላይ 55 ሰዎች ተሰበሰቡ። ሕገ መንግሥቱን የፈረሙት 39 ናቸው። ሰነዱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ብታነቡት እግዚአብሔር የሥልጣን ምንጭ ሆኖ አልተጠራበትም፤ የሥልጣኑ ምንጭ «እኛ ሕዝቦች» የሚለው የመግቢያው ቃል ነው። ክርስትና የሚታይባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ፤ አንዱ ፕሬዚዳንቱ ረቂቅ ሕግ ለመመለስ ያለው 10 ቀን ሲቆጠር እሑድ እንዳይታሰብ የሚለው ነው፤ ሌላው በፊርማው አጠገብ ዘመኑ ሲጻፍ «በጌታችን ዓመት» የሚለው የተለመደ አጻጻፍ ነው። ስለ ሃይማኖት በቀጥታ የሚናገረው አንቀጽ 6 ደግሞ የሚናገረው ለመከልከል ነው፤ በአሜሪካ መንግሥት ሥር ለማንኛውም ሹመት ወይም የሕዝብ አደራ የሃይማኖት መመዘኛ በምንም ጊዜ አይጠየቅም ይላል። ሐሳቡን ያቀረበው የደቡብ ካሮላይናው ቻርልስ ፒንክኒ ነው።

ስለዚህ ጉባኤ በየስብከቱ የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። ቤንጃሚን ፍራንክሊን ጁን 28 ቀን ተነሥቶ ስብሰባው በየማለዳው በጸሎት ይጀመር አለ፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም ተንበርክከው ጸለዩ፣ ጠቡም በረደ ይባላል። ፍራንክሊን ሐሳቡን ማቅረቡ እውነት ነው፤ ንግግሩም ልብ የሚነካ ነው። ጉባኤው ግን ድምፅ እንኳ ሳይሰጥበት ተበተነ። ፍራንክሊን ራሱ በንግግሩ ወረቀት ላይ፣ ከሦስት ወይም ከአራት ሰዎች በቀር ጉባኤው ጸሎት አስፈላጊ አይደለም ብሎ እንዳሰበ ጽፎ አኖረው። እግዚአብሔርን ለማክበር ብለን ያልተደረገ ነገር ተደረገ ማለት የለብንም።

ለጉባኤው ደብዳቤ የጻፈ አንድ ሰውም ነበር። ጆናስ ፊሊፕስ የፊላደልፊያ አይሁዳዊ ነጋዴ ሲሆን፣ በነጻነት ጦርነት ወገኖቹ ደማቸውን እንዳፈሰሱ አስታውሶ፣ የፔንሲልቬንያ ሕገ መንግሥት ግን ለሹመት የሚመረጥ ሰው አዲስ ኪዳን በመንፈስ ቅዱስ ምሪት መጻፉን አምናለሁ ብሎ እንዲምል ስለሚያስገድድ አይሁዳዊን እንደሚያገል አመለከተ። ደብዳቤውን የጻፈው ሴፕቴምበር 7 ቀን ነው። ስብሰባው በምስጢር ስለነበር፣ የለመነው ነገር ከአንድ ሳምንት በፊት፣ ኦገስት 30 ቀን መወሰኑን አያውቅም ነበር።

ሕዝቡ ይህን ሳያስተውል አጸደቀው እንዳይባል ደግሞ የክርክሩ መዝገብ አለ። ከሜሪላንድ ተወካዮች አንዱ የነበረው ሉተር ማርቲን ሕገ መንግሥቱን ሲቃወም፣ በክርስቲያን አገር በክርስቲያንና በአረመኔ መካከል ጥቂት ልዩነት ማድረግ ቢያንስ ጨዋነት ነበር ብሎ አማርሯል። በ1788 በሰሜን ካሮላይና ጉባኤ አረመኔዎችና ሙስሊሞች ሥልጣን ይይዙብናል የሚል ስጋት ተነሣ። የሕገ መንግሥቱ ደጋፊ ጄምስ አይርደል የሰጠው መልስ ቀጥተኛ ነው፤ እኛው ራሳችን የምንከራከርለትን የሃይማኖት ነጻነት ሳናፈርስ ማንን ማግለል እንችላለን? በማሳቹሴትስም የባፕቲስት ፓስተር የሆነው አይዛክ ባከስ ተነሥቶ፣ ሃይማኖት ምንጊዜም በእግዚአብሔርና በእያንዳንዱ ሰው መካከል ያለ ጉዳይ መሆኑን አእምሮም ቅዱሳት መጻሕፍትም በግልጽ ያሳያሉ ሲል አንቀጽ 6ን ደገፈ። ፓስተር መሆኑን ልብ በሉ። መመዘኛው እንዲቀር የተከራከረው ከመጽሐፍ ቅዱስ ጠቅሶ ነው።

አሁን በተቃራኒው የሚቀርበውን ማስረጃ እንመልከት፤ ቀላል አይደለም። የ1776 የነጻነት መግለጫ ሰዎች ከፈጣሪያቸው የማይገፈፍ መብት እንደተሰጣቸው ይናገራል፤ የዓለምን ዳኛ ይጠራል፤ በአምላክ ጥበቃ እንደሚታመን ይናገራል። ይህ እምነት ነው፤ አልክደውም። ነገር ግን ቃላቱ ክርስቲያኑም፣ አይሁዱም፣ ሙስሊሙም «አሜን» ሊላቸው የሚችሉ ናቸው፤ ክርስቶስ፣ ሥላሴ፣ መጽሐፍ ቅዱስ የሚል የለበትም። መግለጫውም ስለ ሥልጣን ሲናገር፣ መንግሥታት ሥልጣናቸውን የሚያገኙት ከሚተዳደረው ሕዝብ ፈቃድ ነው ይላል። በሴፕቴምበር 1789 የመጀመሪያው ኮንግረስ ለራሱ የጸሎት መሪዎች ደመወዝ መድቧል፤ በዚያው ወር፣ መንግሥት ሃይማኖት እንዳያቋቁም፣ የሃይማኖትንም ነጻነት እንዳይከለክል የሚያዘውን የመጀመሪያውን ማሻሻያ ለግዛቶች ላከ። ሁለቱም እውነት ናቸው። ጆርጅ ዋሽንግተን በ1796 የስንብት መልእክቱ ሃይማኖትና ግብረ ገብ ለአገር ብልጽግና የግድ የሚያስፈልጉ ምሰሶዎች ናቸው ብሏል። ሕዝቡ አማኝ ቢሆን ይመኙ ነበር፤ አማኝ እንዲያደርገው ግን ለመንግሥት ሥልጣን አልሰጡትም።

አንዳንድ መምህራን ደግሞ ሦስቱ የመንግሥት አካላት (ሕግ አውጪው፣ ሕግ አስፈጻሚውና ፍርድ ቤቱ) ከኢሳይያስ 33፥22 የተወሰዱ ናቸው ይላሉ፤ እግዚአብሔር ፈራጃችን ነው፣ ሕግን ሰጪያችን ነው፣ ንጉሣችን ነው የሚለው ቃል ነው። ጥቅሱን ቀረብ ብለን ብናነበው ነገሩ ተቃራኒ ነው። ነቢዩ ሦስቱን ሥልጣን በአንድ አምላክ ላይ ያደርጋል፤ ሕገ መንግሥቱ ደግሞ ሦስቱን ከአንድ ሰው እጅ ይለያል፤ ሐሳቡንም የወሰዱት በ1748 ከጻፈው ከፈረንሳዊው ሞንቴስኪዩ ነው። ሆኖም በዚህ ቦታ እውነተኛ የክርስትና አሻራ አይቼበታለሁ። ማዲሰን በፕሪንስተን የተማረው ፕሬስቢቴሪያን ካህን ከነበረው ከጆን ዊዘርስፑን ዘንድ ነው። በ1788 በጋዜጣ ባወጣው ጽሑፉ፣ ሰዎች መላእክት ቢሆኑ ኖሮ መንግሥት አያስፈልግም ነበር ብሏል። ሥልጣን በያዘ ሰው ላይ ልጓም የማድረግ ሐሳብ የአዳምን ውድቀት ከሚያስተምር እምነት ጋር በደንብ ይስማማል። ክርስትና በእነዚህ ሰዎች አእምሮ ውስጥ ነበር፤ በሕጉ ላይ ግን በባለሥልጣንነት አልተቀመጠም።

ግዛቶቹ ለብዙ ዘመን ከማዕከላዊው መንግሥት የተለየ መንገድ ሄደዋል፤ ይህንም መደበቅ አይገባም። የደላዌር የ1776 ሕገ መንግሥት ተሿሚው በአብ፣ በወልድና በመንፈስ ቅዱስ እንደሚያምን እንዲምል ያስገድድ ነበር፤ መሐላው በ1792 ቀረ። ኮኔቲከት ቤተ ክርስቲያንን በግብር መደገፍ ያቆመችው በ1818፣ ማሳቹሴትስ በ1833 ነው። ኒው ዮርክ ውስጥ በ1811 ክርስቶስን የተሳደበ ሰው ሦስት ወር እስራትና 500 ዶላር ተፈርዶበት፣ ዳኛው ጄምስ ኬንት እኛ ክርስቲያን ሕዝብ ነን ብለው ፍርዱን አጽንተዋል። የመጀመሪያው ማሻሻያ በመጀመሪያ የሚያስረው ኮንግረስን ብቻ ነበርና፤ ሃይማኖት ማቋቋምን የሚከለክለው ክፍል ግዛቶችንም እንደሚያስር ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የወሰነው በ1947 ነው። ስለዚህ የክርስቲያን መንግሥት ወገኖች ከግዛቶቹ ታሪክ ጥቅስ አያጡም። የዚያ ታሪክ ጉዞ ግን አንድ አቅጣጫ ነበረው፤ ግዛቶቹ አንድ በአንድ የፌዴራሉን መንገድ ያዙ።

በኮኔቲከት የዳንበሪ ባፕቲስቶች የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ገና ሳይፈርስ በ1801 ለፕሬዚዳንት ጄፈርሰን አቤት አሉ፤ የሃይማኖት ነጻነታችን እንደ መብት ሳይሆን እንደ ችሮታ ነው የሚታየው ብለው። በመንግሥትና በቤተ ክርስቲያን መካከል ስላለ የመለያ ግንብ የሚናገረው ዝነኛ ደብዳቤ ለእነርሱ የተሰጠ መልስ ነው፤ ጃንዋሪ 1 ቀን 1802። በዚያው ዕለት ጆን ሌላንድ የተባለ የባፕቲስት ሰባኪ ከማሳቹሴትስ 1,235 ፓውንድ የሚመዝን አይብ፣ ማለትም 560 ኪሎ ያህል፣ የመንደሩ ሕዝብ ስጦታ አድርጎ ለጄፈርሰን አስረከበ። ብዙ ካህናት ከሃዲ እያሉ ለሚያወግዙት ፕሬዚዳንት የወንጌል ሰባኪ ይህን ያህል ስጦታ ለምን አመጣ? ሌላንድ ቀደም ሲል በቨርጂኒያ የሰበከ ሰው ነበር፤ የታሰሩትን ያውቃቸዋል። ከሁለት ቀን በኋላ እሑድ በተወካዮች ምክር ቤት አዳራሽ ሰበከ፤ የመለያ ግንቡን የጻፈው ጄፈርሰንም ተቀምጦ አዳመጠው።

ስለ ሁለት የውጭ ውሎች ልናገር፤ ሁለቱም በየፊናው ይጠቀሳሉና። በ1783 ከእንግሊዝ ጋር ሰላም የተደረገበት የፓሪስ ውል የሚጀምረው በቅድስትና በማትከፋፈል ሥላሴ ስም ነው። ለእኛ ይህ ቤተኛ አጀማመር ነው፤ ለዚያ ዘመን የአውሮፓ ነገሥታትም የተለመደ የውል አጻጻፍ ነበር። ሁለተኛው በሰሜን አፍሪካ ካለችው ሙስሊም አገር ከትሪፖሊ ጋር የተደረገው ነው። በአንቀጽ 11 የአሜሪካ መንግሥት በምንም መልኩ በክርስትና ሃይማኖት ላይ አልተመሠረተም፤ በሙስሊሞች ሕግና ሃይማኖት ላይም ጠላትነት የለውም ይላል። ሴኔቱ ጁን 7 ቀን 1797 በሙሉ ድምፅ አጸደቀው፤ ፕሬዚዳንት ጆን አዳምስም ፈረመው። በዐረብኛው ቅጂ ይህ አንቀጽ እንደሌለ ኋላ ታውቋል፤ በ1805 የተተካው ውልም ያንን ሐረግ አልደገመውም። ስለዚህ ከሚገባው በላይ ክብደት አልሰጠውም። ነገር ግን ሴኔቱ ያጸደቀው እንግሊዝኛውን ነው፤ ሕገ መንግሥቱ ከጸደቀ አሥር ዓመት ሳይሞላ፣ ብዙዎቹ መሥራቾች በሕይወት ሳሉ፣ ከሴናተሮቹ አንድ እንኳ የተቃውሞ ድምፅ አልሰጠም።

በገንዘቡ ላይ ያለው «በእግዚአብሔር እንታመናለን» የሚለውስ? በሳንቲም ላይ የወጣው በ1864፣ በእርስ በርስ ጦርነቱ መካከል ነው፤ የአገሪቱ መሪ ቃል የሆነው በ1956 ነው። ተማሪዎች በሚደግሙት የባንዲራ ቃል ኪዳን ውስጥ የእግዚአብሔር ስም የገባው በ1954 ነው፤ በ1892 የጻፈው ፍራንሲስ ቤላሚ የባፕቲስት ካህን ሆኖ ሳለ አላስገባውም ነበር። እነዚህ የመሥራቾቹ ሥራዎች አይደሉም። በዚያው በ1864 የፕሮቴስታንት መሪዎች ወደ ሊንከን ሄደው፣ በሕገ መንግሥቱ መግቢያ ላይ ጌታ ኢየሱስ ክርስቶስ የአሕዛብ ገዥ ተብሎ እንዲጻፍ ለመኑ፤ የኮንግረስ ኮሚቴ በ1874 ጥያቄውን አልተቀበለም። እነዚህ ክርስቲያኖች ሕገ መንግሥቱን በሚገባ አንብበውታል። የሌለውን ነገር ነው እንዲጨመር የለመኑት።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኔን የሚከብደኝ ሌላ ነገር ነው። ዘዳግም 23፥15 ከጌታው የኮበለለን ባሪያ ለጌታው አትመልስ ይላል። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 4 ደግሞ የኮበለለ ባሪያ ለጌታው እንዲመለስ ያዝዝ ነበር። አንቀጽ 1 የባሪያ ንግድ እስከ 1808 እንዳይከለከል ጠብቆት ነበር። ይህ ሰነድ በክርስትና ላይ የተመሠረተ ነው የሚል ሰው፣ ይህንንም የክርስትና ሥራ አድርጎ መቁጠር ሊኖርበት ነው። እኔ በክርስቶስ ስም ላይ ይህን ሸክም አልጭንም። ባርነትን የታገሉ ክርስቲያኖች ሕጉን በወንጌል ፊት አቅርበው ሊከሱት የቻሉት ሕጉ ራሱ ወንጌል ስላልነበረ ነው።

በውይይቱ ሰዓት አንድ ወንድም፣ እንዲህ ከሆነ አማኝ በፖለቲካ አይናገር ማለት ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። አይደለም። ሕገ መንግሥቱ የሚያስረው መንግሥትን ነው። ማርቲን ሉተር ኪንግ የባፕቲስት ካህን ነበር፤ ከመጽሐፍ ቅዱስ እየጠቀሰ ተሰለፈ፣ ታሰረ። የታገለለት የ1964 የሲቪል መብቶች ሕግ ግን በሥራ ቦታ ሃይማኖትን ሲጠብቅ የማንን ሃይማኖት እንደሆነ አይመርጥም።

አንዲት እኅት ደግሞ የእኛ ስቅለትና ፋሲካ ከፈረንጆቹ ጋር ባልገጠመበት ዓመት ከሥራ ፈቃድ መጠየቅ ይቻል እንደሆነ ጠየቁ። ይቻላል፤ መሠረቱም ይኸው የ1964 ሕግ ነው፤ 15 ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኞች ያሏቸውን አሠሪዎች ይመለከታል። በ2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እሑድ መሥራት አልፈልግም ባለ የፖስታ ሠራተኛ ጉዳይ በሙሉ ድምፅ እንደወሰነው፣ አሠሪው ጥያቄውን የሚከለክለው ለድርጅቱ ከፍተኛ ተጨማሪ ጫና እንደሚያመጣ ማሳየት ከቻለ ነው። ጁምዓ ለመስገድ ፈቃድ የሚጠይቀው ሙስሊም ወንድማችንም በዚሁ አንቀጽ ነው የሚጠይቀው። ጥያቄያችሁን በጽሑፍ፣ ቀኑን ጠቅሳችሁ፣ በዓሉ ከመድረሱ አስቀድማችሁ ስጡ፤ ቅጂውንም ለራሳችሁ አስቀሩ።